ስለ ባላገር ከመጻፋችን በፊት



ይህች ጋዜጣ በእጃችሁ በገባች ቁጥር ገጿን ስትገልጡ አንድ የማታጡት ነገር አለ፤ እርሱም ስለ ገጠር የተጻፈ ግጥም ወይም ድርሰት ነው። ወንዙ ይፈስሳል፣ ወፉ ያዜማል፣ እረኛው ዋሽንቱን ይነፋል፣ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ እያፏጨ ይውላል። ይህ ካልሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይቀርባል፤ ገበሬው ያለቅሳል፣ ልብሱ ተቀዷል፣ ጎጆው ያፈሳል፣ ድርሰቱም «እስከ መቼ!» በሚል ቃል ይዘጋል። እኛም ሁለቱንም ዓይነት ጽፈናል። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው አስተያየት ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን አስቀድመን ራሳችንን ለመክሰስ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ክሱም አጭር ነው። ስለ ባላገር እንጽፋለን፤ ባላገርን ግን አናውቀውም። ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ ብዙዎቻችን እዚያው ተወልደን፣ በዚያው ቤት እህል አድገን፣ በዚያው በሬ ድካም ተምረን ሳለን አለማወቃችን ነው። የከተማው ልጅ ባያውቅ ይቅር ይባላል፤ እኛ ግን ምን ብለን እንመልሳለን?

ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ያገኘነው በገዛ ቤታችን ምድጃ አጠገብ ተቀምጠን፣ ባፈርንበት አንድ ምሽት ነው። በዚህች ጋዜጣ ልማድ «እኛ» እያልን እንጻፍ እንጂ ነገሩ የደረሰው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ሆኖም ከዚህ ግቢ ብዙዎችን የሚመለከት ስለሚመስለን «እኛ» ማለቱን አንተውም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን «የገጠር ሕይወት» በሚል ርእስ የድርሰት ውድድር ተደርጎ አንደኛ ወጣን። መዝገበ ቃላት ተሸለምን፤ ድርሰቱም በሰልፍ ላይ ተነበበልን። የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት ፈጽመን ለክረምት ዕረፍት ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ጅሩ ስንሄድ ያን ወረቀት በሻንጣችን ይዘን ሄድን። አንድ ማታ እራት ከተበላ በኋላ አባታችን «በል እስቲ፣ ያን የተሸለምክበትን ወረቀት አንብብልን» አሉን። አባታችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ወረቀት ያከብራሉ። እናታችን እሳቱን ቆሰቆሱት፤ እኅታችንም ብርሃኑ እንዲበቃን ኩራዙን አቀረበችልን። እኛም ጉሮሯችንን ጠርገን ጀመርን።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፀደይ በመጣ ጊዜ ምድር በአበባ እንደምትሸፈን የሚናገር ነበር። አባታችን እጃቸውን አነሡና «ቆይ» አሉ። «ፀደይማ መጋቢት ሃያ ስድስት ገብቶ ሰኔ ሃያ አምስት የሚወጣው አይደለም ወይ? በዚያን ጊዜ በጅሩ ሜዳ አበባ ከየት ይመጣል? ዋልካው ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር ይሰብራል እኮ!»

እውነታቸውን ነው። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አበባው የሚያብበው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ መፀውም በጽጌ ይገባል። እኛ ግን በእንግሊዝኛ መጽሐፋችን የአበባው ወራት ሚያዝያና ግንቦት መሆናቸውን አንብበን፣ የዚያን ወቅት ስም «ፀደይ» ብለን ተርጉመን፣ አበባውን ከመስከረም ነቅለን በደረቅ ምድር ላይ ተከልነው። ከአባታችን በፊት ይህን ስሕተት ያየ አንድ ሰው አልነበረም፤ ይልቁንም ተሸለምንበት።

ንባቡን ቀጠልን። በድርሰታችን ውስጥ በጨረቃ የምታዜም ናይቲንጌል የምትባል ወፍ ነበረች። እናታችን «ይህቺ ወፍ ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁ፤ ጥቂትም አስበው «ዘር ትለቅማለች ወይስ አትለቅምም?» አሉን። እኛም መልስ አልነበረንም። ወፏን በግጥም እንጂ በዓይናችን አይተናት አናውቅም፤ ዘር ትልቀም አትልቀም ጠይቀንም አናውቅም። ባላገር ግን ስለ አንዲት ወፍ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎም አያት ቅድመ አያቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ስለ ተጠለሉበት ስለ ባሕር ዛፍ ጥላ አነበብን። በዚህ ጊዜ አባታችን ሳቃቸው መጣ። «ልጄ፣ ያንን ከደጅ ያለውን ባሕር ዛፍ የተከሉት የአባቴ አባት ናቸው፤ ስሙ ራሱ ከየት እንደ መጣ አይነግርህም ወይ?» አሉን። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባሕር ማዶ የመጣ፣ መነሻውም አውስትራልያ የሆነ ዛፍ መሆኑን በክፍል ውስጥ ተምረን ነበር፤ በፈተናም መልሰነዋል። ድርሰት ስንጽፍ ግን ያወቅነውንም ረሳነው። የክፍል ትምህርታችን በአንድ ጓዳ፣ ድርሰታችን በሌላ ጓዳ፣ ያደግንበት ቤት ደግሞ በሦስተኛ ጓዳ ተቀምጠው በመካከላቸው በር የለም።

ከዚያም በጤፍ ማሳ ላይ ስለሚቦርቁ ከብቶች አነበብን። አባታችን አሁን አልሳቁም፤ በትዕግሥት አስረዱን እንጂ። ጤፍ ሊዘራ ሲል ከብቱ በማሳው ላይ የሚነዳው እንዲቦርቅ ወይም እንዲግጥ አይደለም፤ የታረሰውን አፈር ረግጦ እንዲያጠብቀው ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ሺህ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። አፈሩ ላላ ብሎ ቢቆይ ፍሬው ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ይረገጣል፤ ዘሩም በላይ በላዩ ይበተናል። በልጅነታችን እኛው ራሳችን ጅራፍ ይዘን እነዚያን ከብቶች ነድተናል። ነገሩን አድርገነው ሳለ ለምን እንደሚደረግ አልጠየቅንም፤ በጻፍነውም ጊዜ ሥራውን ጨዋታ አደረግነው።

በመጨረሻ አካባቢ ደግሞ የምንኮራበት አንቀጽ ነበር። በመስከረም ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ፣ ጎተራው ሞልቶ፣ ባላገሩ በደስታ ሲቀመጥ የሚያሳይ ነው። እዚህ ላይ ስንደርስ እናታችን ዝም አሉ። እናታችን ዝም ሲሉ ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለንና ማንበባችንን አቆምን። «በመስከረም ጎተራው የሚሞላው የማን ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ሐምሌና ነሐሴ እህሉ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ዘሩ ወደ ምድር ገብቷል፤ የተረፈውን በቁና እየሰፈርን ነው የምንጋግረው። አደይ አበባ ሲፈነዳ ሳይ እኔ የምቆጥረው ባቄላው እሸት እስኪያደርስ ስንት ሳምንት እንደ ቀረ ነው።»

ወዳጆቻችን ሆይ፣ አደይ አበባን ስንት ጊዜ በግጥም ጽፈናል? በየአዲሱ ዓመት ዋዜማ ይህች ጋዜጣ በአደይ ቢጫ ትለብሳለች። ይህን ሁሉ ስንጽፍ ግን ያቺ አበባ በአንዲት እናት ዓይን የቀን መቁጠሪያ መሆኗን አላወቅንም። እናታችን አበባዋን አይጠሏትም፤ በዕንቁጣጣሽ ማለዳ ቤቱን በእርሷ ያስጌጡታል፤ ልጆችም ይዘዋት ሲመጡ ይመርቃሉ። ውበቷንም ወራቷንም አብረው ያውቃሉ። እኛ ውበቷን ብቻ ወስደን ወራቷን ተውነው፤ ወራቷን በመተዋችንም ውበቷ የፖስታ ካርድ ሥዕል ሆኖ ቀረ።

ለመጨረሻ የቀረው ሴቶቹ በለምለሙ ማሳ መካከል እያዜሙ ሲመላለሱ የሚያሳየው ክፍል ነበር። ይህን አንብበን ስንጨርስ እስከዚያ ድረስ ያልተናገረችው እኅታችን እጇን ወደ ኩራዙ አቀረበችው። እኅታችን በሁለት ዓመት ታንሰናለች፤ ትምህርቷንም ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። «ሁሉን ጽፈኸዋል፤ እጄንስ ጻፍከው?» አለችን።

ጅሩን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን መግለጽ ያስፈልጋል። የጅሩ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ይዞ አይለቅም። ዘር ቢዘራበትና ውሃው ቢተኛበት ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይሞታል። በሌሎች የዋልካ አገሮች ብዙው ገበሬ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ በመጨረሻ ይዘራል፤ ሽምብራውንና ጓያውንም መሬቱ ይዞ ባቆየው እርጥበት ያበቅላል። የጅሩ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ሌላ ዘዴ አለው። ማሳው ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደቡና በመደቡ መካከል ቦይ ያወጣል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፤ ስንዴውም በመደቡ ላይ ይድናል። ይህ ሥራ በዶማ አይደለም፤ በእጅ ነው። ማሳ ሙሉ፣ ቀን ሙሉ፣ ዝናብ በጀርባ ላይ እየወረደ። ዋልካ ደግሞ ሙጫ ነው፤ ከጥፍር ሥር ገብቶ አይወጣም፤ ሲደርቅ ቆዳን ይሰነጥቃል።

የእኅታችን እጅ እንዲህ ያለ እጅ ነበር። በዚያ እጅ የዳነው ስንዴ ተሸጦ የአውቶቡስ መሳፈሪያችን፣ ደብተራችንና ጫማችን ተገዝቷል። እውነቱን ለመናገር የተሸለምንበትን ድርሰት የጻፍንበት ወረቀት ራሱ ከዚያ ስንዴ የተገዛ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ «ሴቶቹ እያዜሙ ይመላለሳሉ» ብለን ጻፍን።

አባታችን ነገሩ እንደ ከበደን አይተው ሊያጽናኑን ፈለጉ። «ድርሰቱ ያምራል» አሉ፤ «ቃሉ ሁሉ ያምራል። ብቻ ልጄ፣ ይህ አገር የት ነው?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በማግስቱ ግን አንድ ደብተር ገዝተን አባታችንን ተከትለን ወደ ማሳ ወጣን፤ እንደ ተማሪም መጠየቅ ጀመርን። በመጀመሪያ የጻፍነው የእርሻውን ዕቃ ስም ነው። «ማረሻ» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰው ነገር ለካ ብዙ ስም ያለው ቤተሰብ ኖሯል። እጅ የሚይዘው እርፍ ነው፤ ረጅሙ እንጨት ሞፈር ነው፤ በበሬዎቹ ጫንቃ ላይ የሚያርፈው ቀንበር ነው፤ ሞፈርና ቀንበርን የሚያስተሳስረው ጠፍር ምራን ነው፤ አፈሩን የሚሰነጥቀው ብረት ማረሻ ነው፤ በግራና በቀኝ ሆነው አፈሩን የሚገፉት ሁለቱ እንጨቶች ድግር ናቸው፤ የብረት ማያያዣው ወገል ነው። አንዱ ቢጎድል ሌላው አይሠራም፤ አንዱ ቢላላ በሬው ይደክማል።

ከስሞቹም ጋር ምክንያቶቹ መጡ። መሬቱ አንድ ጊዜ በቁመቱ፣ አንድ ጊዜ በወርዱ ለምን እንደሚታረስ ጠየቅን። የእኛ ማረሻ አፈሩን አይገለብጠውም፤ ይሰነጥቀዋል እንጂ፤ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አግድም ይታረሳል፤ እንደዚሁም ይደገማል፣ ይሠለሳል። በልጅነታችን ማሳው ላይ መስቀልኛ መስመር አይተን ለጌጥ የተሠራ መስሎን ነበር። እንደዚህ ያለውን ነገር ሁሉ ስንጽፍ ደብተራችን በሁለት ሳምንት ሞላ። መዝገበ ቃላት ተሸልመን ነበር፤ የቃላቱ መዝገብ ግን በቤታችን ውስጥ እርፍ ጨብጦ ሲመላለስ ኖሯል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? በበኩላችን የተማርነው ይህን ነው። የገበሬን ኑሮ ማሳመርም ማጨለምም በአንድ መንገድ ያሉ ስሕተቶች ናቸው። አንዱ ገበሬውን ሥዕል ያደርገዋል፤ ሌላው ገበሬውን ቁስል ያደርገዋል፤ ሁለቱም ሰው አያደርጉትም። ሁለቱም ሊጻፉ የሚችሉት ከዶርሚተሪ አልጋ ሳይነሡ ነው። የሚያፏጨውም የሚያለቅሰውም ገበሬ ስም የለውም፤ በሬዎቹም ስም የላቸውም፤ አፈሩም ዋልካ ይሁን ቀይ አፈር፣ አገሩም ደጋ ይሁን ቆላ አይታወቅም። የአባታችን በሬዎች ግን ስም አላቸው፤ ጠባያቸውም ይታወቃል፤ አንዱ ቀኝ ካልተጠመደ አይሄድም። ይህን ያላወቀ ሰው ስለ አባታችን ደስታም ስለ አባታችን መከራም ሊመሰክር አይችልም። ስም የነገሩ በር ነው፤ በሩን ያላገኘ ሰው ከውጭ ሆኖ ስለ ቤቱ ውስጥ ይናገራል።

በዚህ አሳባችን የማይስማሙ ወዳጆች አሉን፤ ነገራቸውንም ልንሰማ ይገባናል። አንዳንዶቹ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተግባር የባላገሩን ኑሮ መለወጥ ነው እንጂ የሞፈርና የቀንበር ስም መቁጠር አይደለም፤ ነገ ትራክተር ሲመጣ ይህ ሁሉ ቃል ይሞታል» ይሉናል። ትራክተሩ ይምጣ፤ የእኅታችንን እጅ የሚያሳርፍ መሣሪያ ሁሉ ይምጣ፤ ማንም ከእኛ ይበልጥ አይመኘውም። ነገር ግን በጅሩ ውሃ እንደሚተኛ የማያውቅ ሰው ለጅሩ ምን ዓይነት መሣሪያ ይሠራል? መደብና ቦይ የሚሠራውን የእጅ ሥራ ያላየ መሐንዲስ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ እንዲሠራ እንዴት ይታሰበዋል? ለመለወጥም ቢሆን በመጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለውን ተረት አባቶቻችን በከንቱ አልተረቱትም።

ሌሎች ደግሞ «ድርሰት ድርሰት ነው፤ ደራሲ አርቆ ማሰብና ማሳመር ይፈቀድለታል» ይላሉ። ይፈቀድለታል። ነገር ግን በአገራችን የተከበሩትን ደራሲዎች እንመልከት። ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ልብ ወለድ ነው፤ ሆኖም የተወለዱበትን የጎጃምን አገር ከነወጉ፣ ከነአነጋገሩ፣ ከነባላባቱና ከነጭሰኛው ያሳየናል። ከባላባቱ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የተጣሉት ገበሬዎች በዚያ መጽሐፍ የሚያለቅሱ ጥላዎች አይደሉም፤ ያስባሉ፣ ይከራከራሉ፣ አበጀ በለው የሚባል መሪም አላቸው። እንደዚሁም አቶ መንግሥቱ ለማ በውጭ አገር የተማሩ የቲያትርና የቅኔ ሰው ሲሆኑ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቃል የነገሯቸውን ትዝታ ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተሙልን። በእንግሊዝ አገር የተማረው ልጅ ተመልሶ በአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ ጻፈ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ምሳሌ ነው። አባቶቻችን ሁሉ አለቃ አይደሉም፤ ነገር ግን የሚነግሩን ነገር የሌላቸው አባት የሉም።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉ ተማሪዎችም አሉ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የያኔዎቹ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ሥርዓት ተጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም አስተማሪ ሆኑ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተማሪውና አስተማሪው ወደ ገጠር ተላከ፤ የገጠር መሬት አዋጅም በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን ታወጀ። ስለዚያ ዘመን ልዩ ልዩ ፍርድ አለ፤ የዛሬው ጽሑፋችን ያን ለመፍረድ አይደለም። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ የቀድሞዎቹ ተማሪዎች አራሹን ሲጠሩት ቢያንስ ከአራሹ ዘንድ ሄደው አድረዋል። እኛ ግን መፈክሩን ወርሰን መንገዱን ረሳነው። አሁን በስልካችን ላይ የገበሬን ፎቶግራፍ አይተን ግጥም እንጽፋለን፤ ገበሬው ደግሞ በዚያው ሰዓት በራሱ ስልክ «ልጄ፣ መቼ ትመጣለህ?» ይለናል።

እንግዲህ ነቀፋ ብቻ ጽፈን እንዳንቀር ጥቂት አሳቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ። ግጥም አንጻፍበት። ስም እንጻፍበት፤ የአፈሩን፣ የዛፉን፣ የወፉን፣ የሣሩን፣ የዕቃውን፣ የወራቱን ሥራ ስም ከነምክንያቱ እንጻፍበት። ወላይታ የሄደው የእንሰትን ስም ከነአሠራሩ፣ ሐረር የሄደው የማሽላን፣ ቦረና የሄደው የግመልንና የኤላን ይዞ ይምጣ። የእያንዳንዱን ስም በተወለደበት ቋንቋ ይጻፈው።

ሁለተኛ፤ የዚህች ጋዜጣ አዘጋጆች በየእትሙ ግማሽ ገጽ ለእነዚህ ቃላት እንዲሰጡን እንለምናለን። የስቴንስሉ ወረቀት ውድ መሆኑን፣ ቀለሙም ማለቁን እናውቃለን። ስለ ጨረቃ ከሚቀርቡት ግጥሞች አንዱ ቢቀነስ ግን ቦታ የሚገኝ ይመስለናል፤ የእኛንም ግጥም ከሚቀነሱት መካከል ያስገቡልን።

ሦስተኛ፤ መምህራኖቻችን የድርሰት ርእስ ሲሰጡን «የገጠር ሕይወት» ከሚሉን ይልቅ «በቤታችሁ በሐምሌ ወር አንድ ቀን ማን ምን ሠራ?» ቢሉን ብዙ የሚጠቅመን ይመስለናል። ሲያርሙም ሰዋስዉን ብቻ ሳይሆን እውነቱንም ቢያርሙልን። በድርሰታችን ላይ «ይህች ወፍ በአገርህ አለች ወይ?» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈብን አስተማሪ ቢኖር ኖሮ ያን ምሽት ባላፈርን ነበር። ይህንም ስንል መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም፤ እነርሱም የተማሩት እንደ እኛው ነውና።

አራተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ስለ ሰው የጻፍነውን ነገር ለዚያው ሰው እናንብብለት። ስለ ገበሬ የተጻፈ ድርሰት ዳኛው የድርሰት ኮሚቴ አይደለም፤ ገበሬው ነው። ስለ እናት የተጻፈ ግጥም ፈራጇ እናት ናት። ማንበብ ካልቻሉ እኛ እንችላለን፤ ለዚህም ነበር ያስተማሩን። በፊታቸው ለማንበብ የምናፍርበት ቃል ካለ ያ ቃል ከድርሰቱ ይውጣ።

እኛም ያን ክረምት ይህንኑ ሞከርን። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችን በፊት ባለችው የመጨረሻ ማታ አዲስ ጽሑፍ አነበብንላቸው። አጭር ነበር፤ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ። ናይቲንጌል አልነበረችበትም፤ ፀደይም በቦታው ገብቷል። ስለ ዋልካው፣ ስለ ቦዩ፣ በቁና ስለሚሰፈረው እህልና እኅታችን በዝናብ ስለ ሠራችው መደብ የሚናገር ነበር። አባታችን የወገሉን ቦታ አሳስተን ጽፈን ኖሮ አረሙን። እናታችን ዝም አሉ፤ ይህኛው ዝምታ ግን የፊተኛው ዓይነት አልነበረም። እኅታችን እስከ ፍጻሜው አዳመጠችና «የተሰነጠቀው ቀኝ እጄ ነው፤ አንተ ግራ ብለሃል» አለችን።

እርሳሳችንን አውጥተን አረምነው። ከተሸለምንበት ድርሰት ይልቅ በዚያች እርማት ደስ አለን፤ እኅታችን ስሕተቱን ያረመችው ጽሑፉ የእርሷ ስለ ሆነ ነውና።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ አሳብ የምትስማሙም የምትቃወሙም መልሳችሁን ለጋዜጣዋ ላኩልን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚመጣው ክረምት ሲደርስ ደብተር ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ፤ በምድጃው አጠገብም ተቀምጣችሁ የጻፋችሁትን አንብቡ። «ይህ አገር የት ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ አትዘኑ፤ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ ይጀምራልና።